ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ሻይሽ እና ስለ ደምሽ

ሆዴ፣ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደም አንሷታል የሚለውን ከአንቺ አፍ አልሰማሁትም። ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ፣ ታውቂያለሽ፣ እሷንም እንዳትቆጫት። ደረጃ ስትወጪ አዞረሽ፣ ክሊኒክ ሄድሽ፣ አይረንሽ ዝቅ ብሏል ተባልሽ፣ ክኒን ተሰጠሽ። ይኼ ሁሉ ሲሆን ከእኔ ጋር በስልክ እናወራ ነበር እኮ! "ማሚ ዛሬ አፕል ፓይ የሚሸት ሻይ አገኘሁ፣ ማሚ ካራሜሉን ቀመስሽው ወይ፣ ማሚ ሚኒያፖሊስ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል።" ስለ ቅጠሉ ሰማሁ። ስለ ሻዩ ሰማሁ። ስለ ደምሽ ግን ከሰው ነው የሰማሁት። በስልክ ልናገር ስል "እሺ እሺ ማሚ" እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የምጽፈው። ይኼን እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሻዩን ከምግብ ጋር አትጠጪ። ከበላሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዪ። ክኒንሽንም በሻይ እንዳትውጪ። ሻይ ተዪ አላልኩም፣ ልብ በይ። እኔ ራሴ ሻይ ሳልጠጣ የዋልኩበት ቀን የለም። ከምግብ ጋር አትጠጪ ነው ያልኩት።

ሐኪሟ ነግራሽ ይሆናል፣ አንቺ ግን ስለምትወጂው ነገር ክፉ ሲነገር ጆሮሽ አይሰማም። ሻይ ውስጥ ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር፣ ታኒን የሚሉት፣ ሆድሽ ውስጥ አይረኑን ይይዘውና ወደ ደምሽ ሳይገባ ይዞት ያልፋል። የሥጋውን አይረን ብዙም አይነካውም። የሚጎዳው የምስሩን፣ የሽሮውን፣ የጎመኑን፣ የጤፉን ነው። አንቺ ደግሞ ጽጌን እጾማለሁ ብለሽ ከመስከረም 26 ጀምሮ ሥጋም እንቁላልም አልቀመስሽም። ምስር ትበያለሽ፣ እዚያው ላይ ትልቅ ኩባያ ሻይ ትደፊበታለሽ። ታዲያ ምን ይተርፍሻል? ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። እስከ ኅዳር 5 ነው። የታመመ ሰው አይገደድም። ለንስሐ አባትሽ ደውዪና የሚሉሽን ስሚ። ፈቃድ ሰጪ እኔ አይደለሁም፣ ግን ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አይጠፋሽም።

"የናና ሻይ ነው፣ ሻይ ቅጠል የለበትም" እንዳትዪኝ። ናናውም ካሞማይሉም አይረን ያግዳሉ። ኮኮዋም እንደዚያው፣ ቡናም ያው ነው። ያ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ቀዩ፣ ሮይቦሱ፣ ታኒኑ ያነሰ ነው፣ ካፌይንም የለውም። ለእሱም ቢሆን አንድ ሰዓት ብትጠብቂ አትሞቺም።

አሁን ትንሽ ልብሽን ላለስልስ። ከሄድሽ ወዲህ የሻይ ቆርቆሮዎችሽ ኩሽና ቀርተዋል። "ማሚ እንዳትጥያቸው" ብለሽ ነው የሄድሽው። አልጣልኳቸውም። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግም ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፣ በጊዜ ይመሻል፣ አባትሽም ቤት መዋል አብዝቷል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳው ከወረደ በኋላ፣ አንድ አንድ እያወጣን እንቀምሳለን። በትልቅ ኩባያ አይደለም፣ በዚያች ከአዲስ አበባ በመጣችው ትንሽ ብርጭቆ። በብርጭቆ ሲሆን ቀለሙ ይታያል። ሮይቦሱን አባትሽ አንስቶ ወደ መስኮቱ አሳየውና "ይኼ ዝልቦ ነው ወይስ ሻይ?" አለ። ዝልቦ ቀይ ይሆናል እንዴ? ብለው "ነገሩን ነው" አለኝ። እሱን ታውቂው የለ።

ቸኮሌት የተቀላቀለበትን አልወደድኩልሽም። የፈላ ውሃ ስጨምርበት ቸኮሌቱ ቀለጠና ላዩ ላይ ትንንሽ የዘይት ዓይኖች ተንሳፈፉ። የዶሮ ወጥ ላይ ሲሆን ደስ ይላል፣ ሻይ ላይ ግን ምን ሊሆን ነው? የዱባው የተባለውን ሳጥኑን ገልብጬ ባነብ ዱባ የሚል አጣሁ። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝ፣ ቅርንፉድ ነው ያለው። ለካ ነገሩ ከዱባ ፓይ ቅመም የመጣ ነው፤ እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ማኮርሚክ ያንን ቅመም ቀላቅሎ መሸጥ የጀመረው በ1934 ነው። የብርቱካን ልጣጭና ቅመም ያለበት ጥቁር ሻይ ደግሞ፣ ያ ኮንስታንት ኮመንት የሚባለው፣ ሩት ቢግሎው የምትባል አሜሪካዊት በ1945 ያወጣችው ነው። አባትሽ አንዴ ፉት አለና "ይኼማ የእኛው ሻይ ነው፣ ስኳሩ ብቻ ነው የቀረው" አለ። እውነቱን ነው። ከሁሉም የወደድነው እሱንና የቀረፋውን ነው። ቀረፋው ስኳር ሳይገባበት ይጣፍጣል። ኬክ ኬክ የሚሸቱት ግን ያታልላሉ። አፍንጫሽ ኬክ መጣ ብሎ ይጠብቃል፣ ምላስሽ ላይ ሲደርስ የለም። ግማሽ ማንኪያ ስኳር ጣል ሲደረግበት ነው ያ የተባለው ኬክ ብቅ የሚለው። ወተት ጠብ ካደረግሽበት ደግሞ ካራሜሉ ይሻላል።

ለአባትሽ ግን ስኳር አይገባም። እንዲያም ሆኖ ደግ ሆኖለታል። ማታ ማታ ጣፋጭ ፍለጋ ካቢኔ መክፈትና መዝጋት ቀርቷል፣ ካራሜሉን ያሸታል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። አንድ ነገር ግን አንቺም ተጠንቀቂ። ከእነዚህ ጣፋጭ ሻዮች ብዙዎቹ ሊኮሪስ የሚባል ሥር አለባቸው፤ ያለ ስኳር የሚጣፍጡት በእሱ ነው። ሲበዛ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ዝቅ ያደርጋል። ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። መነጽሬን አድርጌ ሳጥኑን ሳላነብ ለአባትሽ አልሰጥም። አንቺም ዓይንሽ ደህና ነውና አንብቢ።

ደግሞ ሻይ ሽታ ይስባል። ቻይናዎች የጃስሚኑን ሻይ የሚሠሩት ቅጠሉን ከአበባው ጋር አሳድረው ነው። አንቺ ግን ቫኒላውን ከመከለሻው ጎን ሳይከደን ትተሽው ሄድሽ። አሁን ቫኒላው መከለሻ መከለሻ ይላል። እዚያም ቤት እንደዚሁ እንዳታደርጊ፤ ቆርቆሮውን ግጥም አድርገሽ ክደኚ፣ ከበርበሬው መሳቢያ አርቂው። የመኪናሽንም ጎማ በረዶ ሳይወርድ አሳዪው።

ሻይሽን መቼ ትጠጪ? ምሳም እራትም በሌለበት ሰዓት። ምሳሽን በጊዜ ብዪ፣ ከሥራ ስትወጪ አፍልተሽ ቁጭ ብለሽ ቅመሺ፣ እራትሽን ቆየት ብለሽ ብዪ። ከጓደኞችሽ ጋር የምታደርጉት የቅምሻ ማታ ላይም እንደዚያው። ሻዩን ከምግብ ጋር አትጠጪ። ፒዛ አዝዛችሁ በመሃል አምስት ዓይነት ሻይ መደርደር ጨዋታ ነው እንጂ ቅምሻም አይደለም፤ ሽንኩርት በልቶ ማን የቫኒላ ጣዕም ይለያል?

አክስትሽን አሁን ስታያት ቤቱን በአንድ ቃል ቀጥ የምታደርግ ሴት ናት። ልጅ እያለች ግን እንዲህ አልነበረችም። በደርግ ጊዜ ነው። ስኳር በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በካርድ ነበር የሚታደለው። እናቴ ስኳሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ታስረዋለች። ሻይዋ ግን በሰፈሩ የታወቀ ነበር። በራዱ ውስጥ ቀረፋና ቅርንፉድ ትጥላለች። ቅርንፉድ ውድ ነው፣ ስለዚህ አንዴ የፈላውን አውጥታ መስኮቱ ላይ ወረቀት አንጥፋ ታደርቀውና በማግስቱ ደግማ ታፈላዋለች። ሁለተኛው ቀን ሽታው ደከም ይላል። ሦስተኛው ቀን ለስሙ ነው። እኛ ልጆቹ ከበር ስንገባ ስንተኛው ቀን እንደሆነ በአፍንጫ እናውቅ ነበር።

አክስትሽ ምግብ አትወድም። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሻይ በዳቦ፣ ማታ ከሽሮው በግድ ሁለት ሦስቴ ጎረስ ጎረስ አድርጋ ወደ ሻይዋ። እናቴም ሻዩን ከምግብ ትቆጥረው ነበር። ትኩስ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ልጅ ያስተኛል። እያደር ፊቷ ገረጣ። መሮጥ ተወች። በዚያው ሰሞን በጓሮ በኩል ግድግዳችን ላይ ጉድጓድ አገኘን። አይጥ ነው ተባለ፣ አባቴ ወጥመድ አጠመደ። አይጧ አክስትሽ ሆና ተገኘች! ጭቃውን በጥፍሯ እየፋቀች ትበላ ነበር። ዝናብ ሲነካው ሽታው አላስችል ይለኝ ነበር ትላለች እስከ ዛሬ።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ ወደቀች። ጎረቤት ቡዳ በልቷት ነው አለ። እናቴ መጀመሪያ ጠበል ወሰደቻት፣ ቀጥላ ጤና ጣቢያ፤ እኔም ተከትዬ ነበር። ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አየና "ይቺ ልጅ ደም የላትም" አለ። ምን እንደምትበላ ጠየቀ። "ሻዩን ከምግቧ አርቁት" አላት እናቴን። እናቴ ተናደደች። ሻይ ምን አደረገ? ሰው ሁሉ የሚጠጣው! ቤት እስክንደርስ ስታጉረመርም ነበር። ግን አደረገችው። ከዚያ በኋላ በምሳና በሻይ መሃል ግቢ መጥረግና ውሃ መቅዳት ገባ። ሰዓት አልነበረንም፤ የጎረቤት ቡና ተቆልቶ ጭሱ በአጥር ሲመጣ ሻይ ይፈቀድላታል። አባቴም ደሞዝ ሲቀበል ጉበት ይገዛላት ጀመር። እኛ የቀረነው ጉበቱን እያየን ምነው እኛም ደም ባነሰን እንል ነበር። ጉበቱን ስትበላ ጀርባዋን ትሰጠናለች፣ ክፉ። አሁንም ይኼን ካነሳሁባት ስልኩን ትዘጋብኛለች፤ ለካ አንቺም ከእሷ ነው የወረስሽው።

አንቺስ? ባለፈው ሰመር እዚህ ሳለሽ ከፍሪጅ በረዶ እያወጣሽ ስትቆረጥሚ ትውዪ ነበር። አሁንም ትቆረጥሚያለሽ? እሱም የአይረን ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ጭቃው በበረዶ ተተካ እንጂ። ለሐኪሟ ንገሪያት። የወር አበባሽም ከበዛ ሳታፍሪ ንገሪ። ሁሉን ነገር በሻይ ማሳበብ አልፈልግም፣ ምክንያቱን ትፈልግልሽ።

ክኒኑን ጠዋት በብርቱካን ጭማቂ ዋጪ፣ በወተትም አይሁን። ሆድሽን ካመመሽ ክሊኒክ ደውለሽ ጠይቂ እንጂ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከክኒኑ ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ቃሪያና ቲማቲም ከጎኑ አድርጊ፣ አይረኑ በደንብ ይገባልሻል። ሻዩን ግን...። አውቀሽዋል። ከምግብ ጋር አይሆንም።

ዕቃ ልኬልሻለሁ። የአክስትሽ ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ የተደቆሰ የሻይ ቅመም አለ፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ነው። ጎረቤታችን ከአገር ቤት ያመጣችልን የዉሽዉሽ ሻይም አለበት። እሱን "ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ" እያልሽ ስልክሽን እያየሽ አትንከባከቢው፣ በራድ ውስጥ ጣጂና ይንተክተክ። በሮይቦስሽ ላይም ከቅመሙ ቁንጥር አድርጊበትና ምን እንደሚል ንገሪኝ፤ እኛ ሞክረነው ወደነዋል።

የደም ምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ፌሪቲን የሚለው፣ ሰውነትሽ ያጠራቀመውን አይረን የሚያሳየው መስመር ይታይ፣ እንደ ልማድሽ ግማሹን ቆርጠሽ እንዳትልኪ። ድጋሚ የምትመረመሪበትን ቀንም ጻፊልኝ። ካራሜሉን ከዕቃው ውስጥ አትፈልጊው። አባትሽ ጨርሶታል፣ "ሌላ ትግዛልኝ" ብሏል።

እናትሽ