ከመምጣትሽ በፊት ስለ ምሳ ዕቃው

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ሦስት ዓመት ዘግቼሽ ዛሬ ደብዳቤ ስልክልሽ ምን ነካት እንደምትዪ አውቃለሁ። ልደውል አስቤ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ወይ አለቅሳለሁ ወይ እጣላሻለሁ። መጻፉ ይሻላል አልኩ።

እውነቱን ልንገርሽ። የተቀየምኩሽ የአባቴን ለቅሶ አልደረሰችኝም ብዬ ነው። ያን ሰሞን አራስ ነበርሽ። እያወቅኩ ነው ያኮረፍኩት። እናትሽ ሦስቱንም ቀን ከአጠገቤ ሳትነሳ ተቀምጣ እንኳን አልበረደልኝም። ከዚያ አንድ ወር አለፈ፣ አንድ ዓመት አለፈ፣ በኋላ እንዴት ብዬ ልጀምር የሚለው ራሱ ከበደኝ። አሁን ጀመርኩት፣ በቃ።

ቅዳሜ ዕለት ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ እናትሽ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ። "አንቺ፣ ልጄ በመስከረም ጠቅልላ ልትመጣ ነው፣ ሰማሽ?" አለችኝ። ዝውውርሽ እንዳለቀ፣ ልጆቹንም የኔዎቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳስመዘገበችልሽ ነገረችኝ። ቲማቲሙን ጥዬ አቀፍኳት። (እናትሽን ዛሬም አንቺ ነው የምላት። ልጆችሽ አዲስ አበባ አንቱ ማለት ለምደው ከሆነ እዚህ ይሳቅባቸዋል፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።) ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እዚያ የለመደችውን ምሳ እዚህ ቋጥራ ልጆቹን እንዳትመርዛቸው ንገሪያት አቦ!" ይኸው ታዝዤ ነው።

አትሳቂ፣ እውነቷን ነው። አንቺ ያለሽው ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። እኛ 1,200 ገደማ ላይ ነን። ጠዋት 12 ሰዓት የቋጠርሽው ምሳ የሚከፈተው 6 ሰዓት ላይ ነው። ግማሽ ቀን ቦርሳ ውስጥ ማለት ነው። በግንቦትና በሰኔ ውጪው 35 ዲግሪ ይደርሳል። ስለ ምግብ ደህንነት የሚያስተምሩ ሰዎች፣ የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላሉ። እዚህ እኛ ሰፈር ሳቢያን ኖረው የሚያውቁ አይመስሉም። ግን ልክ ናቸው።

እኔ የተማርኩት በፓስታ ነው። ትልቋ ትምህርት በጀመረችበት ዓመት ፓስታ በሥጋ ሱጎ ሠርቼ፣ እሳት የሆነውን ምሳ ዕቃ ውስጥ ገልብጬ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጌ ላክሁ። ከሰዓት መጥታ "እማዬ፣ ፓስታው ይተነፍሳል" አለችኝ። ክዳኑን ሳነሳው ጵስ አለ። አረፋ ይዟል። ደግነቱ ሽታው ስላስጠላት አልቀመሰችውም።

ነገሩ ገብቶኝ የመጣው በኋላ ነው። ጀርም የሚወደው ለብ ያለውን ነው፣ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለውን። ስለዚህ ምሳው ወይ ትኩስ መሆን አለበት ወይ ቀዝቃዛ። ትኩስ ከሆነ ሙቀት የሚይዘውን ዕቃ አስቀድመሽ የፈላ ውሃ ሙዪበት። አሥር ደቂቃ አቆይተሽ ድፊውና እየተንተከተከ ያለውን ሽሮ ወዲያው ገልብጪበት። ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ማታ ፍሪጅ የገባውን ነው የምትቋጥሪው። የውሃ ኮዳውን ማታ ውሃ አድርገሽበት፣ ግን እስከ አፉ ሳትሞይው ፍሪዘር ክተቺ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ከምሳ ዕቃው ጋር በፎጣ ጠቅልለሽ ቦርሳው ውስጥ አስገቢ። ምሳውን ያቀዘቅዘዋል፣ 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቀልጦ ይጠጣል። መብራት የጠፋ ማታ በረዶ የለም። ያን ጊዜ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ከሙዝ ጋር። ሩዝ ግን በዚህ ሙቀት አታምኚው። ውሎ ካደረ በኋላ ውስጡ የሚፈጠረው መርዝ ብታሞቂውም አይጠፋም።

ይሄን ማንም ይነግርሽ ነበር። እኔ ልነግርሽ የፈለግኩት ሌላ ነው።

ትልቋ ምሳ ዕቃዋን በየቀኑ ባዶ ታመጣለች። እኔ ደግሞ በሙያዬ እኮራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን በር ላይ ረስታው ሄደች። ባጃጅ ይዤ ስደርስ ለምሳ ወጥተዋል። ኒም ዛፉ ሥር አምስት ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ምሳ ዕቃዎቹ ሁሉ መሀል ላይ ተከፍተዋል። አንዱ ክዳን ተገልብጦ ጨውና የተቆረጠ ሎሚ ተቀምጦበታል። የኔ ልጅ የሰው ለሆህ፣ ያን እንደ እንጀራ ያለውን የሶማሌ ቂጣ፣ በማር እየነከረች ትበላለች። ስታየኝ "እማዬ ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ምሳዋን መርሳቷን እንኳን አላወቀችም!

ለካ ስንት ጊዜ ለሷ ብዬ የደከምኩበትን የሰው ልጅ ነው የበላው። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። "ጎመኑንስ ማን ነው የሚበላው?" አልኳት። "ጎመን የሚወድ ልጅ አለ" አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

ከዚያ ወዲህ የምቋጥረው ለክቡ ነው። መጀመሪያ የተውኩት ሥጋውን ነው። አንድ ጊዜ ጥብስ ይዛ ሄዳ፣ ጓደኛዋ "ይሄ የክርስቲያን ነው አይደል?" ብላ እጇን ሰበሰበች። ማንም አልተጣላም። የኔዋ ግን ለብቻዋ በላች፣ ማታ ላይ "የኛ ሥጋ ምን አለበት?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? እኛ ያኔ ምን እንል ነበር? ምንም ያልን አይመስለኝም። አንቺ በዒድ ሥጋውን ትተሽ ያን ጣፋጭ ሙሸበክ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ታመጪልኝ ነበር። እጃችን በስኳሩ ተጣብቆ ደብተሩ ሁሉ ይበላሻል። እኔ ለፋሲካ ድፎ ዳቦ አመጣልሽ ነበር። ይኸንኑ ነገርኳት። ዘንድሮ እሮብና ዓርብ ልጹም ብላለች፣ በነዚያ ቀናት ልጆቹ እንቁላል አያመጡም። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ሥጋ ሲቀር ልጁ ይጎዳል ብለሽ እንዳትሰጊ። እንቁላል በቲማቲም ጠብሰሽ በለሆህ ጠቅልዪ። ጠንከር ያለ ሽሮ በእንጀራ ጠቅልለሽ እንደ ጣት ቁረጪው፣ እጅ አያቆሽሽም። የኔ ምርጥ ግን የምስር ሳምቡሳ ነው። ማታ ጠቅልዬ አስቀምጬ ጠዋት እጠብሳለሁ፣ በደንብ ቀዝቅዞ ነው የሚከደነው፣ አለበለዚያ ይላቁጣል። እነዚህም ሁሉ ከበረዶው ኮዳ ጋር ነው የሚሄዱት። ሎሚ አትርሺ። የምስር ብረት ብቻውን ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም፣ ቫይታሚን ሲ ሲያገኝ ነው የሚገባው። ዘይቱን ደግሞ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ በዚያ ላይ ሳይላጥ ታጥቦ ይላካል። ሻይ በፔርሙዝ የሚልኩ እናቶች አሉ፤ ሻይ ብረቱን መልሶ ያግደዋል፣ ተይው። ስኳር ድንች ቅቅል በትንሽ ዘይት ታሽቶ ይወዱታል፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነውን ካገኘሽ ለዓይናቸው ጥሩ ነው። ብስኩትና ባለ ቀለም ጁስ ላይ ስብከት አልሰብክም፣ ታውቂዋለሽ።

የባቢሌ ለውዝ እዚህ እንደ ልብ ነው። ግን ያን ሰሞን የወለድሻት አሁን ሦስት ዓመቷ አይደል? ሙሉ ፍሬውን እንዳትሰጫት፣ ያንቃታል። ፈጭተሽ ዳቦ ላይ ቀቢላት። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ክቡ ውስጥ እንዳለም አስቀድመን እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከመርካቶ ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ሁለት ግዢልኝ፣ አፉ ሰፊ የሆነውን። የኔው ጎማው ላልቶ ሽሮው ደብተር ላይ እየፈሰሰ አስቸግሮኛል። ሒሳቡን ስትመጪ እሰጥሻለሁ፣ እንዳትከራከሪኝ።

የመጀመሪያውን ሰኞ ደግሞ የልጆችሽን ምሳ የምቋጥረው እኔ ነኝ። ዕቃ እየፈታሽ አትደርሺበትም። የማይበሉት ነገር ካለ ጻፊልኝ። ጎመን ከሆነ ግን አታስቢ፣ የሚበላ ልጅ አለ።

ያንቺው አኩራፊ