ዶሜን የማን ነው?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ጸሐፊያችሁ የኢንተርኔት ዶሜን፣ ማለትም የዌብሳይት አድራሻ ስም፣ ቀድሞ የያዘው ሰው ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው። ጓደኞቼ ደግሞ ገንዘብና ዝና ያለው ሁሌም ይነጥቃል ይላሉ። ሁለቱም አይደለም።

በዶት ኮም የሚያልቅ ዶሜን የገዛ ሁሉ፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን የተባለ ድርጅት በ1999 (በፈረንጅ) ባወጣው ደንብ ይዳኛል። ስንገዛ ሳናነብ "እስማማለሁ" የምንለው ውል ውስጥ አለ። ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ዶሜኑ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ መሆኑን ወይም ሰው የሚያሳስት መሆኑን፣ የያዘው ሰው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም ከቅን ልቦና ውጪ መሆኑን። አንዷ ከጎደለች ክሱ ወደቀ።

በ2000 (ይህም በፈረንጅ) ዘፋኞቹ ስቲንግና ማዶና፣ ሌሎች ሰዎች በስማቸው ስለያዟቸው ዶሜኖች፣ በዚህ ደንብ የሚቀርቡ ክሶችን ለሚያየው፣ ጄኔቫ ላለው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አመለከቱ። ስቲንግ ተሸነፈ። ስሙ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ተከሳሹም ኢንተርኔት ላይ በቅጽል ስምነት ይጠራበት ነበር። ማዶና ግን አሸነፈች። ሰውየው ዶሜኑን በ20,000 ዶላር ገዝቶ የወሲብ ገጽ አድርጎት ነበር። ደግሞ ብልጠቱ! በስሙ ላይ መብት አለኝ ለማለት፣ አሜሪካ ቁጭ ብሎ ስሙን ቱኒዚያ ውስጥ በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ዳኞቹ አልተሸወዱም። እዚያው አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ ማዶና ለሚባል ሆስፒታል እሰጠዋለሁ ማለቱም አላዳነውም።

እኛ ጋ ጣጣው ሌላ ነው። ነጋዴው ዌብሳይት ለሚሠራለት ልጅ ብር ይከፍላል፣ ልጁ ዶሜኑን በራሱ ስምና ኢሜይል ይገዛል፣ ከዚያ ይጣላሉ ወይም ልጁ ውጭ ይሄድና ስልኩ አይነሳም። ይህን ይዞ ጄኔቫ መሄድ ብዙም አያዋጣም። ለአንድ ዳኛ ብቻ 1,500 ዶላር ነው፣ ጠበቃ ሳይጨምር። ነጋዴው ቢያሸንፍ እንኳ ዶሜኑ ይዛወርለታል ወይም ይሰረዝለታል እንጂ ካሳ የለም። ንግድ ፈቃዱ ላይ የሰፈረው የንግድ ስምም ብቻውን የንግድ ምልክት አይደለም፣ ምልክት የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጁ ሲያስመዘግበው በባለቤቱ ፈቃድ ስለሆነ፣ ያኔ ክፉ ልቦና ነበረው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። ዳኞቹ የውል ጠብ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ ሊሉ ይችላሉ።

ስለዚህ የዌብሳይት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዶሜኑን በራስ ስም፣ በራስ ኢሜይል መግዛት ነው። ለመሆኑ የጋዜጣችሁ ዶሜን በማን ስም ነው?

አንባቢያችሁ