ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ከፈረንጅ ሽማግሌዎች ጋር ቁጥቋጦ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ?» ብለሽኝ ነበር። እናትሽ ነግራሽ መሆን አለበት። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

የምንፈልገው የኮንክሪት ምሰሶ ነው። ልጅ ሆነሽ እዚህ ኒው ዮርክ፣ ክዊንስ ውስጥ ብስክሌት የተለማመድሽበትን መንገድ ታስታውሻለሽ? ከከኒንግሃም ፓርክ ተነስቶ በዛፍ መሃል እየተጠማዘዘ አሊ ፖንድ ፓርክ የሚደርሰውን? ዳር ዳሩን አጫጭር ምሰሶዎች ነበሩ። በትንንሽ ድልድዮች ላይም እያለፍሽ ከታች የሚሄዱትን መኪኖች ቆመሽ ታዪ ነበር። ያ መንገድ ሲሠራ ለብስክሌት አልታሰበም። በዓለም ላይ ለመኪና ብቻ ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጎዳናዎች የአንዱ ቁራጭ ነው። ስሙ ሎንግ አይላንድ ሞተር ፓርክዌይ ይባላል። እኔም ብዙ ዓመት ስመላለስበት ይህን አላውቅም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ዊልያም ኪሳም ቫንደርቢልት ከሚባል ሀብታም ነው። ቅድመ አያቱ በመርከብና በባቡር የከበረ ሰው ነበር። እሱ ግን ልቡ መኪና ላይ ነበር። በ1904 ጥር ወር ፍሎሪዳ ውስጥ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ መርሴዲስ እየነዳ አንድ ማይል በ39 ሰከንድ ጨረሰ። በሰዓት 148 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ያኔ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና ገና አላዩም።

በዚያው ዓመት ቫንደርቢልት በስሙ የብር ዋንጫ አሠርቶ ዓለም አቀፍ ውድድር አዘጋጀ። የአውሮፓ ፋብሪካዎች መጥተው ከአሜሪካኖቹ ጋር እንዲወዳደሩና አሜሪካኖቹም ጥሩ መኪና መሥራት እንዲማሩ ነበር ፍላጎቱ። ቦታው እዚሁ ሎንግ አይላንድ፣ ገበሬ በጋሪ ድንች የሚያመላልስበት የአፈር መንገድ ነው። አቧራው እንዳይነሳ ድፍድፍ ዘይት አፈሰሱበት። ለነዋሪው በየቦታው ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፤ ውሻችሁን እሰሩ፣ ዶሮአችሁን ዝጉ የሚል። ገበሬዎቹ ተቆጡ። መንገዱ የሁላችንም ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ከገበሬዎቹ ጋር ነኝ።

ጥቅምት 8 ቀን 1904 ሌሊቱ ሲነጋ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያው መኪና ተለቀቀ። ያሸነፈው ፈረንሳይ አገር የሚኖር ጆርጅ ሂዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። መኪናው ፓናርድ ነበር። ሁለተኛው ሰው እንደጨረሰ ሕዝቡ መንገዱን ስለሞላው ውድድሩ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

አሁን እኔን ወደያዘኝ ነገር ልምጣ። በእያንዳንዱ መኪና ላይ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ ሹፌር ነው። ሌላውን ፈረንጆቹ መካኒክ ይሉታል። ሥራውን ስትሰሚ ግን የኛን የጭነት መኪና ረዳት ነው የምታስታውሺው። ከሹፌሩ ጎን፣ መሬት ለመሬት በምትመስል ወንበር ላይ፣ ያለ ቀበቶና ያለ በር ይቀመጣል። ዘይትና የነዳጅ ግፊት በእጁ እየገፋ ይሰጣል። ወደ ኋላ ዞሮ ማን እየደረሰባቸው እንደሆነ ለሹፌሩ ይነግራል። ጎማው እየተላጠ እንደሆነ ያያል። ጎማ ሲፈነዳ ዘሎ የሚወርደው እሱ ነው። ኩርባ ላይም መኪናው እንዳይገለበጥ ሰውነቱን አውጥቶ ይንጠለጠላል። ፎቶግራፎቹን አይቻለሁ። ፊቱ በዘይትና በአቧራ ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

በዚያ በመጀመሪያው ውድድር የሞተውም ረዳት ነው። ካርል ሜንሰል ይባላል። የጆርጅ አረንትስ መርሴዲስ ሲገለበጥ ሹፌሩ ተጎድቶ ተረፈ፤ ሜንሰል ግን አልተረፈም። ስለ ዋንጫው የሚወራ ሁሉ የሂዝን ስም ያውቃል። የሜንሰልን ስም ከነታሪኩ የሰማሁት ከእነዚያ «ሽማግሌዎች» ነው።

እኔ ወጣት ሆኜ በአሰብ መንገድ ረዳት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ፤ ግን ብዙም አውርቼሽ አላውቅም። ፊያት ከነተሳቢው ጭኖ ጣርማ በርን ሲወጣ ረዳት ጋቢና ውስጥ አይቀመጥም። ታኮ ይዞ ከጎማው ጎን ይሄዳል። መኪናው ወደ ኋላ ማለት ሲጀምር ታኮውን ከጎማው ሥር ይወረውራል። ትንሽ ብትዘገዪ እጅሽ ወይም እግርሽ ይሄዳል። አብረውኝ የነበሩ ልጆች በዚያ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ስማቸው የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ስለ ሜንሰል ስሰማ የሩቅ ሰው ታሪክ አልመሰለኝም።

ውድድሩ በየዓመቱ እየገነነ ሄደ። በ1905 ቪክቶር ኤምሪ፣ በ1906 ሉዊ ዋግነር አሸነፉ። ሁለቱም የነዱት ዳራክ የሚባል የፈረንሳይ መኪና ነው። በ1906 ሕዝቡ ልክ አልነበረውም። ሰው ሌሊቱን በፋኖስ እየመጣ መንገዱ ላይ ቆመ። መኪኖቹ ሲደርሱ ጠባብ መተላለፊያ ይከፍትላቸዋል፣ ካለፉ በኋላ መልሶ ይዘጋዋል። ከርት ግሩነር የሚባል ተመልካች ተገጭቶ ሞተ። የገጨው መኪና ሹፌር የቫንደርቢልት የራሱ ዘመድ ነበር። በ1907 ውድድሩ ቀረ።

ያ መንገድ የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ቫንደርቢልትና ጓደኞቹ ኩባንያ አቋቁመው፣ ከመኪና በቀር ምንም የማይገባበት የግል ጎዳና እንሠራለን አሉ። በ1908 ሥራው ተጀመረ፣ በዚያው ዓመት የተወሰነው ክፍል ተከፈተ። የመንገድ ሥራ ሙያሽ ስለሆነ ይህን ከኔ ይበልጥ ትረጂዋለሽ። በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ነበር። ኩርባዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው፤ መኪናው ሳይቀንስ እንዲዞር። የባቡር ሐዲድም ሆነ የገበሬ መንገድ ከፊቱ ሲመጣ አያቋርጠውም፣ በድልድይ ከላይ ወይም ከሥር ያልፋል። ከክዊንስ እስከ ሮንኮንኮማ ሐይቅ ድረስ 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። ስፋቱ ግን 7 ሜትር አይሞላም። ዛሬ በፍጥነት መንገድ ከአዲስ አበባ አዳማ ስትሄጂ የምታዪው ነገር ሁሉ፣ አጥሩ፣ ድልድዩ፣ መግቢያው ላይ ከፍሎ ማለፉ፣ ዘሩ እዚህ አለ።

ክፍያው 2 ዶላር ነበር። ሄንሪ ፎርድ በ1914 የፋብሪካውን ደመወዝ ከመጨመሩ በፊት ሠራተኛው በቀን የሚያገኘው 2.34 ዶላር ነው። እንግዲህ አስቢው። የአንድ ቀን እንጀራ ኬላ ላይ ትከፍያለሽ። የኬላ ቤቶቹ ደግሞ የሀብታም ጎጆ ነው የሚመስሉት። የተወሰኑትን የነደፈው ጆን ራስል ፖፕ ነው፤ ዋሽንግተን ያለውን የጀፈርሰን መታሰቢያ የነደፈው ሰው። አንዱ የኬላ ቤት ከቦታው ተነስቶ ጋርደን ሲቲ ከተማ መሃል ዛሬም ቆሟል። ስትመጪ እናየዋለን።

በ1908 ጆርጅ ሮበርትሰን በሎኮሞቢል መኪና አሸነፈ። ቁጥሩ 16 ነው። የአሜሪካ መኪና ዋንጫውን ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር። ረዳቱ ግሌን ኤትሪጅ ይባላል፤ እባክሽ ይህንንም ስም ያዢልኝ። ያ መኪና ዛሬም አለ። እንዴት እንደተረፈ ደግሞ ልንገርሽ፣ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል እሱ ነው። ፒተር ሄልክ የሚባል ልጅ በ1906 ውድድሩን ቆሞ አይቷል። የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ያቺ ሎኮሞቢል ያኔም ትሮጥ ነበር፤ ሹፌሩ ጆ ትሬሲ ነው፤ አላሸነፈችም እንጂ ከሁሉ ፈጣኑን ዙር የሮጠችው እሷ ናት። ልጁ አድጎ ሠዓሊ ሆነ። በ1941 መኪናዋን ገዛት። አልቀባትም፣ አላደሳትም። ጭረቷንና የለበሰችውን ዘይት እንዳለ አቆያት። ዛሬ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ናት። ልጅ ሆኖ ያየውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ ለሰው አስረከበ። እኔ ይህን ዓይነት ሰው አከብራለሁ።

በ1909 እና በ1910 ሃሪ ግራንት አልኮ በሚባል መኪና ሁለት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። አዲሱ መንገድ ግን የዙሩ ከፊል ብቻ ስለነበር መኪኖቹ አሁንም በሕዝብ መንገድ ላይ ይሮጡ ነበር። የ1910ሩ ክፉ ነበር። ሉዊ ሸቭሮሌ ይነዳ ነበር፤ በዓመቱ ስሙ የመኪና ፋብሪካ ስም የሆነው ሰውዬ። አደጋ ደርሶ ረዳቱ ቻርልስ ሚለር ሞተ። ማቲው ቤከን የሚባል የሌላ መኪና ረዳትም በዚያው ቀን ሞተ። ተመልካችም ብዙ ተጎዳ። በቀጣዩ ዓመት ዋንጫው ወደ ጆርጂያ፣ ሳቫና ሄደ። መንገዱ ባለሀብት የሚንሸራሸርበት ሆኖ ቀረ።

መጨረሻውን በአጭሩ ልንገርሽ። መንግሥት በነጻ የሚኬድባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ሲሠራ ኬላ ላይ የሚከፍል ሰው ጠፋ። ክፍያው እየወረደ 40 ሳንቲም ደረሰ፤ አልረዳም። ኩባንያው ግብር መክፈል አቅቶት በ1938 ፋሲካ ሰሞን መንገዱ ተዘጋና ለመንግሥት ተላለፈ። የክዊንሱ ቁራጭ በዚያው ዓመት የብስክሌት መንገድ ሆነ። ቫንደርቢልት ከዚያ በፊት በ1933 ወንድ ልጁን በመኪና አደጋ አጥቶ ነበር። የሰውዬው ሀብት አያስቀናኝም፣ ይህ ግን አሳዝኖኛል።

ታዲያ እነዚህ አብሬያቸው የምዞረው ሰዎች ምን ያደርጋሉ መሰለሽ? የመቶ ዓመት ፎቶግራፍ ይዘው ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ ይፈልጋሉ። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የባቡር ጣቢያ፣ የኮረብታ ጫፍ እያመሳከሩ «እዚህ ነው፣ የለም እዚያ ነው» ይከራከራሉ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ መካኒክ አለ፣ አያቱ ውድድሩን አይተው የነገሩት አለ። ምሰሶዎቹ ሰው ጓሮ ውስጥ የአጥር ቋሚ ሆነው ይገኛሉ። በር እናንኳኳለን። ባለቤቱ መጀመሪያ ይጠራጠራል፣ ቀጥሎ ራሱ አካፋ ይዞ ይመጣል። የተገኘው ሁሉ ካርታ ላይ ይሰፍራል። ከፎቶው ጀርባ ስም ከተጻፈ ያ ስም ይመዘገባል፤ የሹፌርም ይሁን የረዳት፣ የባንዲራ ያዡም ይሁን መንገዱን የቆፈረው የቀን ሠራተኛ። ማንም አይከፍላቸውም። የመኪና ፍቅር ብቻ ቢሆን እኔ ከነሱ ጋር አልውልም ነበር። ስም ሲሰበስቡ ነው ልቤ የገባው።

እንግዲህ ከአንቺ የምፈልገው ይህ ነው። ለገና አገር ቤት ስትሄጂ አዳማ አጎትሽ ዘንድ እደሪ። በአሰብ መንገድ ከኔ ይበልጥ ቆይቷል፤ ረዳትም ሹፌርም ነበር። አንቺ ሙያውን ስለምታውቂ ይወድልሻል። ብቻ መጀመሪያ ስለ ሰው አትጠይቂው፤ «ሁሉም አልቀዋል» ብሎ ዝም ይላል። ስለ መኪናው ጀምሪ። ተሳቢው ስንት ኩንታል ይጭን እንደነበር፣ ጣርማ በር ላይ በስንተኛ ማርሽ ይወጡ እንደነበር፣ ሚሌ ላይ የት ያድሩ እንደነበር ጠይቂው። እዚያ ላይ ከሞቀ ስሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ። የአባት ስም ሳይቀር ጻፊ። አልጋው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ፎቶዎች አሉ፤ አውጥቶ እንዲያሳይሽ አድርጊው፤ ፊትና ጀርባውን አንሺልኝ። ድምፁንም ቅጂው። ከመሄድሽ በፊት ስልክሽ ላይ ቦታ አስለቅቂ፣ አጎትሽ ከጀመረ ቶሎ አይጨርስም።

እናትሽ ለመንገድ የሚሆን ሹራብ እልካለሁ ብላለች። ለእሱም መድኃኒት አብረን እንልካለን።

የሚወድሽ አባትሽ