ለሐያት፦ መጀመሪያ ወረቀቱ

ሐዩዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ብሶበታል፤ አባትሽ ጋቢውን ከላዩ አያወርድም።

ጀማል ትናንት ደውሎ ነበር። ከባንክ መልቀቅሽን ሲነግረኝ አልደነገጥኩም፤ ከድምፅሽ ጠርጥሬዋለሁ። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ከሰላም ጋር የጀመራችሁትን፣ ሾፌርን ከጭነት የሚያገናኘውን የአፕ ድርጅት በሰላም ስም ብቻ አስመዝግባችሁታል አሉ። «ለጊዜው ነው፣ እንዲፈጥንልን ብለን ነው» አልሽው።

ሰላምን እወዳታለሁ። በዒድ እሷ እኛ ቤት፣ በገና አንቺ እነሱ ቤት ሆናችሁ ነው ያደጋችሁት። ቢሆንም በወረቀት አድርጉት።

የአባትሽን አይሱዙ ታስታውሽዋለሽ? ተሸጠ ነበር ያልንሽ። አልተሸጠም። ግማሹ የአባትሽ፣ ግማሹ የጓደኛው ነበር። ሊብሬው በጓደኛው ስም ወጣ፤ ያኔም «ለጊዜው ነው» ተባለ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው ሚሌ ድረስ እየተፈራረቁ ነዱት። ማታ እኔ ቤት ቡና ላይ ቁጭ ብለው ይካፈሉ ነበር፤ በብር ተጣልተው አያውቁም። ከዚያ ሰውየው ባንድ ሌሊት ታሞ ሞተ። አልካደም፣ አላጭበረበረም፤ ሞተ። ሚስቱ የምታውቀው ሊብሬውን ነው። ልጆች አሏት፣ ምን ትበል? ሽማግሌዎቹ «ወረቀት አላችሁ?» አሉን። ምን ወረቀት! አባትሽም የጓደኛዬን ልጆች ፍርድ ቤት አላቆምም ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና ሲነዳ ኖረ። እሷ እስከ ዛሬ ሸዋ በር ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ከመኪናው ይልቅ እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ ቡና አጣጬ ነበረች።

ሰላም ነገ አግብታ ውጭ ብትሄድ፣ አላህ አያድርገውና ብትታመም፣ ቃሏን ማን ይመሰክርልሻል? ቁርአን ቀርተሻል። ረጅሙ አንቀጽ፣ በቀራ 282፣ ስለ ብድር መጻፍ መሆኑን እኔ አልነግርሽም።

አጎትሽን ጠየቅኩት። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል አለኝ። እንግዲህ መዝገቡ ላይ ባለቤቷ እሷ ብቻ ናት። አንቺ ማነሽ? አፑን የጻፍሽው አንቺ! ድርሻሽን በጽሑፍ ታስተላልፍልሽ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ተፈራረሙ፣ ንግድ ምዝገባውም ላይ ይግባ። አፑ የድርጅቱ መሆኑም ይጻፍ። ገንዘብ አስገባለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ቶሎ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ ይሄ ነው።

እኩል መካፈላችሁን አልቃወምም። ግን ድርሻው ባንድ ቀን አይታደል። ስታርታፕ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የሚያገኙት አለኝ አጎትሽ፤ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ወደድኩት። አንዷ ብትወጣ ድርሻዋን ማን፣ በስንት እንደሚገዛም ይጻፍ። አሁን፣ ገና ብር ሳይገባ። ብር ከገባ በኋላማ እንዴት ተብሎ ይነሳል?

ደግሞ ቦሌ ቢሮ ተከራይታችኋል አሉ። ለማን ነው? ጭነት የሚፈልግ ሾፌር ቦሌ ምን ያደርጋል? ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በር ላይ ነው የምታገኚው። እዚህ ከርመሽ አነጋግሪያቸው፣ አባትሽ ይወስድሻል። ስለ አፑ ከማውራትሽ በፊት ደላላውን ለምን እንደማይተዉት ጠይቂ። ነዳጅ ሲያጥራቸው የሚያበድራቸው ደላላ አለ ይላል አባትሽ። አፕሽ ያበድራል? ስትመጪ የሐረጎን ዳገት በጭጋግ እንዳትወጪ፤ ኮምቦልቻ እደሪ።

የቀጠራችኋቸው ልጆች ጡረታ በየወሩ ይከፈል፤ 11 በመቶ ከእናንተ፣ 7 ከደመወዛቸው። ይጠራቀም አትበሉ።

በርበሬ በጀማል ልኬያለሁ፣ ፀሐይ አስመቺው። ከስተሻል አሉኝ፣ ምሳ አትዝለይ። ባንኩን በመልቀቅሽም አልተቆጣሁም፤ አብሽሪ።

ወረቀቱን ግን ከዚህ ሳምንት አታሳልፉ። ላፕቶፕሽ ላይ ብቻም አታስቀምጪው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስንቱ ሰው ሰነዱን ጥሎ እንደወጣ አይተሻል። ተፈራርማችሁ ስትጨርሱ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ማህተሙ በደንብ እንዲታይ አድርገሽ አንሺው።

እናትሽ
ደሴ