የባኞ ቤቱን ቧንቧ ያለ ጥፋቱ ስንከሰው ከረምን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ብያለሁ። ባለፈው የጤና አምዳችሁ ላይ «የባኞ ቤት ቧንቧ ውሃ ለመታጠብ እንጂ ለመጠጣት አይሆንም» የምትል አንዲት መስመር ወጥታለች። ለምን እንደማይሆን ግን አልተጻፈም፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ተብሎ ታልፏል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ያቺን መስመር ሳነብ ሳቄም ንዴቴም እኩል ነው የመጣው፣ ስለዚ እስቲ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከፈለጋችሁ አትሙት ካልፈለጋችሁም ተዉት።

የ7 ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ውሃ ሲጠማት ኪችን ድረስ መሄድ ስለምትፈራ ባኞ ቤት ትገባና የእጅ መታጠቢያው ላይ ተንጠራርታ በእፍኟ ትጠጣለች። አንድ ቀን አማቴ እኛ ጋ አድረው እጅ ከፍንጅ ያዟት። ከዛ በኋላ የሆነውን ባልናገር ይሻላል። «የሽንት ቤት ውሃ ነው እንዴ ልጅቷን የምታጠጧት!» ብለው ቤቱን አንድ አደረጉት። እኔ «እማዬ፣ ውሃው እኮ አንድ ነው፣ ወደ ቤት የሚገባው አንድ ቧንቧ ነው» ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ፣ ባለቤቴ ደሞ ከእናቷ ጋር ቆመች፣ በቃ ከዛን ቀን ጀምሮ ከባኞ ቤት መጠጣት ክልክል ሆነ፣ ልጅቷም በየማታው ከኪችን የተቀዳ ውሃ በጆግ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥላት ጀመር።

እንዲህ ሶስት ወር ያህል ከቆየን በኋላ የኪችኑ ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሰራተኛ ጠራን። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ወሬ አይወዱም። ስራቸውን ጨርሰው እቃቸውን ሲሰበስቡ እንደ ቀልድ «ጋሼ፣ የባኞ ቤቱ ውሃ ይጠጣል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ወጥተው ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን መዝጊያ ዘጉና ተመልሰው «ሁለቱንም ክፈት» አሉኝ። ከፈትኩ። የባኞ ቤቱ ትንሽ ፈሰሰ፣ ቀጠነ፣ አንድ ሁለቴ ተንኮራኮረና ቆመ። የኪችኑ ግን ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል። «ገባህ?» አሉኝ። አልገባኝም። «የባኞ ቤቱ ቀጥታ መስመር ነው። እናንተ የምትጠጡት የታንከሩን ነው።»

መሰላል ይዘን ወጣን። የታንከሩ ክዳን ላይ ንፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ትልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ድንጋዩ ደሞ ከጊዜ ብዛት ክዳኑን ከመሃል ሰንጥቆታል፣ በስንጥቁ ፀሐይ ይገባል። ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን አንስተን በስልኬ መብራት ስናይ ግድግዳው በእጅ ሲነካ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ለብሷል፣ ታች ጭቃ ተኝቷል፣ ላዩ ላይ ሶስት የሞቱ ነፍሳትና አንዲት የወፍ ላባ ይንሳፈፋሉ። ላባዋ ቀስ ብላ ስትዞር አሁንም ትታየኛለች። ልጄ አልጋ አጠገብ በየማታው በክብር የምናስቀምጠው ጆግ ከዚህ ነበር የሚሞላው።

ታዲያ ጉዳዩ የኪችን ወይም የባኞ ቤት ጉዳይ አይደለም ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ውሃ ክፍል አይለይም። መጠየቅ ያለበት ይሄ ቧንቧ ከዋናው መስመር ነው ወይስ ከታንከር፣ ውሃውስ እዚህ እስኪደርስ የት ስንት ጊዜ ተኛ የሚለው ነው። በብዙ ቤት ሁለቱም ከአንድ መስመር ናቸው፣ እንደዛ ከሆነ የኪችኑን ጠጥቶ የባኞ ቤቱን መጸየፍ ያው ማስመሰል ነው። በአንዳንድ ቤት ደሞ ኪችኑ ቀጥታ ሆኖ ባኞ ቤቱ ከታንከር ነው፣ እዛ ያቺ የጻፋችኋት መስመር ልክ ትሆናለች። እኛ ቤት ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፣ ምክንያቱም ኪችኑ በኋላ ላይ የተጨመረ ነው፣ የሰራውም ሰው የቀረበውን ቧንቧ ነው የቀጠለው።

ታንከሩ ለምን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ካላችሁ ነገሩ ክሎሪን ነው። ውሃው ከከተማው ማጣሪያ ጣቢያ ሲወጣ መንገድ ላይ እንዲጠብቀው ትንሽ ክሎሪን ይተውበታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ይኑርበት ይላል። ይቺ ትንሽ ክሎሪን ታንከር ውስጥ ስትተኛ በሙቀቱም በጊዜውም እያለቀች ትሄዳለች፣ ጭቃና አልጌ (ያ አረንጓዴው ነገር) ካለ ደሞ እነሱ ይጨርሷታል፣ ከዛ በኋላ የገባ ባክቴሪያ ጠባቂ በሌለው ቤት እንደገባ ሌባ ነው። እኔ የመዋኛ ገንዳ ውሃ የሚመረመርበትን ክኒን ፈልጌ አገኘሁና ሁለት ብርጭቆ አስቀምጬ ሞከርኩት፣ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። የባኞ ቤቱ ወዲያው ፈካ ያለ ሮዝ ሆነ። የኪችኑ እንዳለ ቀረ፣ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይመስል። ባለቤቴ ሁለቱን ብርጭቆ አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም።

ጥርት ማለቱ ነው እኮ ሰውን የሚሸውደው። የመጠጥ ውሃ መለኪያው 100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም ኢ.ኮላይ የሚባለው፣ ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመው ባክቴሪያ መገኘት የለበትም ነው፣ ይሄን ደሞ ዓይንም ምላስም አያውቀውም፣ ላብራቶሪ ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ላይ ኮሌራ ሲገባ ዶክተር ጆን ስኖው ብሮድ ስትሪት የሚባል መንገድ ላይ ካለች አንዲት የእጅ ፓምፕ ጋር አያያዘው። ከሰፈሩ ለቀው ራቅ ያለ ቦታ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ግን የዛች ፓምፕ ውሃ ስለሚጣፍጣቸው በየቀኑ በጠርሙስ እያስመጡ ይጠጡ ነበር፣ ኮሌራው ያሉበት ድረስ ሄዶ ገደላቸው። ጣዕሙን ወደውት እኮ ነው።

አሁን ደሞ ለአማቴም ልፍረድላቸው፣ ምክንያቱም ባኞ ቤት ውስጥ እውነተኛ ችግር የለም ማለቴ አይደለም። የሳቸው ስጋት የሽንት ቤቱ ቆሻሻ ቧንቧው ውስጥ ይገባል ነው፣ ያ ግፊት ያለው ውሃ እየወረደ እያለ አይሆንም፣ ውሃ ወደ ውጭ እየገፋ ነዋ። የቧንቧው አፍ ግን ይቆሽሻል፣ ሽንት ቤቱ ክዳኑ ሳይዘጋ ውሃ ሲለቀቅበት የሚረጨው ጤዛ መሰል ነገር በአካባቢው ያርፋል፣ ሰው በእርጥብ እጁ ይነካዋል፣ ልጅም አፏን ለጥፋበት ትጠጣለች። ይሄ አፉን በማጠብና በብርጭቆ በመጠጣት የሚያልቅ ነገር ነው። አፉ ላይ የምትጠመዘዘውን ትንሿን ወንፊት ፈትታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈታኋት፣ ውስጧ አሸዋ፣ የዝገት ፍርፋሪ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ዝልግልግ ነገር ነበር። የኪችኑም ላይ ያው ነው።

የበለጠ የሚያስፈራኝ የእጅ ሻወሩ ነው። ባልዲ ውስጥ፣ የሳሙና ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ክፍት ይተዋል አይደል? ድንገት ውሃ ጠፍቶ የመስመሩ ግፊት ከወደቀ ቧንቧው እንደ ስትሮ ይሆንና የባልዲውን ውሃ ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል። ለዚህ ተብሎ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ፣ ብዙ ቤት ግን አይገጠምም። ስለዚ የሻወሩን ራስ ባልዲ ውስጥ አትተዉት፣ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣም መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍርሶም ባይሆን ለመጠጥ አትቅዱት፣ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧም ግፊት ሲያጣ በየስንጥቁ የውጭ ነገር ይስባል።

ከሙቁ በኩል ደሞ ፈጽሞ አይጠጣም፣ ለማብሰልም አይቀዳም። ሙቅ ውሃ ከቧንቧው ላይ እርሳስ (ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት) እና መዳብ በቀላሉ ያሟሟል፣ ቦይለሩ ውስጥም ስንት ዓመት የተከማቸ ዝቃጭ አለ። አንዳንዱ ሰው ቦይለሩን ለቁጠባ ብሎ ለብ አድርጎ ይተወዋል፣ ይሄም አይሆንም፣ ሌጂዮኔላ የምትባለው ባክቴሪያ የምትወደው ለብ ያለውን ነው፣ እሷ ደሞ ከሻወሩ የሚረጨው ደቃቅ ጠብታ ሲተነፈስ ሳንባ ውስጥ የምትገባ ናት እንጂ በመጠጣት ብዙም አይደለም። ለዛ ነው 60 ዲግሪ ላይ ይሁን የሚባለው። በሙቅ ውሃው እንዳትቃጠሉ ግን፣ በተለይ ልጆች።

እርሳስ ካነሳሁ አይቀር ስለሱም ልበል፣ ሰው ውሃውን አፈላሁት ብሎ የሚረጋጋው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ማፍላት ጀርም ይገላል፣ ለ1 ደቂቃ ተንተክትኮ ከፈላ ይበቃል፣ ከባህር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ለሚኖር 3 ደቂቃ። እርሳስን ግን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ 10 ማይክሮግራም በሊትር ነው፣ ለልጆች አእምሮ ግን ይሄን ያህል ምንም አይልም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። አሜሪካ ሚቺጋን ውስጥ ፍሊንት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃ ምንጩ ወደ ወንዝ ሲቀየር ቧንቧው እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል ሳይጨመር ቀረ፣ ውሃው የቆዩትን የእርሳስ ቧንቧዎች እየበላ በየሰው ቤት ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ከማጣሪያው ሲወጣ ያልነበረበትን እርሳስ መንገድ ላይ ነው ያገኘው። ቤታችሁ አሮጌ ከሆነ፣ ቧንቧው በእርሳስ ብየዳ የተያያዘ ከሆነ፣ ወይ ርካሽ የናስ ቧንቧ ከተገጠመ፣ ሌሊቱን የተኛው ውሃ ነው ብዙውን የሚሸከመው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት ባኞ ቤት ካላችሁ ደሞ እሱ ከሁሉም ይብሳል፣ ሳምንት ሙሉ የተኛ ውሃ ነው። ጠዋት ቅዝቅዝ እስኪል አንድ ሁለት ደቂቃ ልቀቁት፣ ያን ውሃ አትድፉት ለአትክልት ወይ ለወለል ይሆናል። ሲንኩ ላይ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እድፍ ካያችሁ መዳብ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ጥርስ ማጠብ ላይ ብዙ አልልም፣ ተጉመጥምጦ የሚተፋ ነው፣ ትንሽ ልጅ ግን ይውጣል።

እኔን የሚያናድደኝ የጋራ ህንፃ ነው። አንድ ዘመዴ የሚኖርበት ህንፃ ጣራ ላይ ትልልቅ ታንከሮች አሉ፣ ማን ነው የሚያጥባቸው ብዬ ስጠይቅ ጥበቃው አስተዳደሩን ይጠቁማል፣ አስተዳደሩ የበፊቱን ኮሚቴ ይጠቁማል፣ የጣራው ቁልፍ ራሱ ማን ጋ እንዳለ አልታወቀም። ስንት ቤተሰብ ነው ከዛ የሚጠጣው! ሁሉም ደሞ የባኞ ቤቱን አልጠጣም ብሎ ከኪችኑ ይቀዳል፣ ያንኑ ውሃ።

የኛን እንዴት እንዳጠብነው ልንገራችሁና ላብቃ። ሙሉ በሙሉ ባዶ አደረግነው፣ ጭቃውን በጣሳ አወጣን፣ ግድግዳውን በሻካራ ብሩሽ ፈተግነው፣ ከዛ በውሃ ሞልተን ሽታ ያልተጨመረበት 5 ፐርሰንት በረኪና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ሂሳብ ጨመርንበት፣ ሌላ የጽዳት ኬሚካል እንዳታቀላቅሉበት። ቧንቧዎቹን በየተራ ሽታው እስኪመጣ ከፍተን ዘጋን፣ 24 ሰዓት ተውነው፣ ማንም እንዳይጠጣ ቧንቧዎቹን በፕላስተር አሸግናቸው። በማግስቱ ሁሉንም ለቀን ደጋግመን አጠብነውና አዲስ ክዳን በብሎን ታሰረለት። ድንጋዩ አሁን የግቢውን በር ነው የሚይዘው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ በሚቀጥለው እትማችሁ ያቺን መስመር አስተካክሏት፣ አንባቢው ቆጣሪው ጋ ያለውን ዘግቶ ሁለቱንም ቧንቧ ይክፈት ብላችሁ ጻፉ፣ ከዛ የትኛው እንደሚቆም ይይ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አማቴ ባለፈው እሁድ መጥተው ነበር። ውሃ ጠየቁኝና በንጹህ ብርጭቆ አቀረብኩላቸው፣ ግማሹን ጠጡ። «ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል፣ ከየት ቀዳኸው?» አሉኝ። ዋሽቼ አላውቅም፣ «ከባኞ ቤት» አልኳቸው። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ቋሚ አንባቢያችሁ