ደህና ነን ያልኩሽ ቀን

ይድረስ ለእናቴ፣ ሐይቅ።

እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ግፊቱስ ወረደልሽ? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የወንድሜ የአያ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላት። ካለቀሰች ቆም በይና ውኃ ስጫት፤ ዘለሽ ግን አትለፊ። በስልክ ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ጤፍ ዋጋ አውርተን ዘግተናል።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ነገር ልጨርስ። አያ እንደነገረኝ ኪኒኑን የምትውጪው ራስሽን ሲያምሽ ብቻ ነው። እምዬ፣ የግፊት ኪኒን እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። ባያምሽም በየቀኑ ይዋጣል። ያመመሽ ቀን ብቻ ከወሰድሽው በደንብ አይሠራልሽም። ጨው ቀንሺ፤ ቡናውንም በጨው መጠጣት ይቅርብሽ። ዓይንሽን ደግሞ ደሴ ሄደሽ ሞራውን ተገፈፊ ብንልሽ «ከእንግዲህ ምን ላይበት» አልሽ አሉ። ትልቋ ልጄ በሚመጣው ክረምት ልትጠይቅሽ ትመጣለች። እሷን እዪበት።

እሷ ሃያ ዓመት ሞላት። ነርስነት ትማራለች። መሀለኛው ቁመቱ ከአባቱ በልጦ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ትንሿ አንቺ ከላክሽው ሽሮ ሌላ አልበላም ትላለች፣ ገበያ የገዛሁትን ከቀላቀልኩበት በጠረኑ ትለየዋለች። ስለ እነሱ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ከባዱ ነገር ሲመጣ ወደ እነሱ ነው የምሸሸው። አንቺም ወደ ላሟ ትሸሻለሽ።

ወድቀሽ የታመምሽ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ስም እየጠራሽ ታቃዢ እንደነበር ይቺው የምታነብልሽ ልጅ ነገረችኝ። የኔን ስም አይደለም፣ የአያንም አይደለም። የትንሹን ወንድሜን። «እሱ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ቤታችን ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ያልተጠራ ስም ከልጅ አፍ ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ነው ልጽፍልሽ የቆረጥኩት። የኔን ሳልነግርሽ ያንቺን ልጠይቅሽ ግን አልፈለግሁም።

በ2008 ታኅሣሥ 16 ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ኪዳነ ምሕረት። ያን ዓመት በናንተ በኩል ክረምቱ ሳይዘንብ ቀርቶ ሰው ሁሉ በጭንቀት ላይ ነበር፤ መንግሥትም 10.2 ሚሊዮን ሰው እህል ያስፈልገዋል ያለው በዚያው ወር ነው። ስደውልልሽ «እኛ ደህና ነን፣ እናንተ ብቻ» ትዪኝ ነበር። ኤልኒኖ የሚሉት የባሕር መሞቅ ነው አሉ፤ ወሎን ያደረቀው። እዚህ ቴክሳስ ግን ገና በዓል ሲደርስ መብረድ ሲገባው ልጆቹ በእጅ ጉርድ ሸሚዝ ይወጡ ነበር። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በሚሲሲፒና በቴነሲ በኩል ቶርኔዶ ብዙ ቤት አፍርሶ ነበርና ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነበር።

ቶርኔዶ የሚሉት በበጋ አውድማ ላይ አቧራ እያዞረ ሲያልፍ «ሰይጣን ነው፣ አማትቡ» ትይን የነበረው ዓይነት አይደለም። ያ ከመሬት ተነስቶ እዚያው ይበተናል። ይኸኛው ከደመና ይወርዳል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል፣ ከምዕራብ ደረቅና ቀዝቃዛው ይገጥመዋል፤ ከታች ያለው ነፋስና ከላይ ያለው በአቅጣጫም በፍጥነትም ሲለያዩ ደመናው ራሱ መዞር ይጀምራል። ከዚያ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ምድር ይዘረጋል። ያን ማታ በዳላስ ዙሪያ 12 ወረዱ። የእኛው ሰኒቬል ከምትባል ከተማ ተነስቶ እኛ የነበርንበትን ጋርላንድን አልፎ እስከ ራውሌት ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር ተባለ፤ በእነሱ መለኪያ አራተኛ ደረጃ ነው፣ መጨረሻው አምስት ነው። አሥር ሰው ሞተ። ከአሥሩ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ 30 ቁጥር አውራ ጎዳና ከጆርጅ ቡሽ መንገድ ጋር በሚገናኝበት፣ ሬይ ሃባርድ የሚባለው ሐይቅ አጠገብ። ባለቤቴ በየቀኑ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ያን ጊዜ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ስልኩንም አያነሳም ነበር።

በናንተ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ከ45 ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ ስልኬ ጮኸ፤ የመልእክት ድምፅ ሳይሆን ሌላ፣ ልብ የሚያቆም ዓይነት። ቀጥሎ የከተማው ሳይረን። እዚህ ቴክሳስ ከመሬት በታች ክፍል ያለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ መስኮት የሌለው መሀል ክፍል ግቡ ይላሉ። የእኛ መስኮት የሌለው ክፍል መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነበር። መሀለኛውን ያን ጊዜ ስድስት ዓመቱ፣ ትንሿን ሦስት ዓመቷ፣ ሁለቱን ገንዳው ውስጥ አስተኛኋቸውና በላያቸው ተደፋሁ። ከአልጋ ያወረድኩትን ፍራሽ በጀርባዬ ላይ ሳብኩት። ከዚያ መብራት ጠፋ።

እምዬ፣ ድምፁን ሰው ሁሉ ባቡር ይመስላል ይላል። ለኔ ግን ወፍጮ ቤት ነበር። ልጅ ሆኜ ይዘሽኝ ስትገቢ ደረቴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ የነበረው ሞተር፣ ግን ቤቱን በሙሉ የሚፈጭ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተራራ ሲወጡ እንደሚደፈነው። የመጸዳጃው ውኃ ወደ ላይ ሲንቦጫረቅ ይሰማኝ ነበር። ትንሿ ከሥሬ «እማ፣ ከበድሽኝ» ትላለች። እኔ «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» ከማለት በቀር ምንም አላልኩም። ደቂቃ ይሁን ሁለት ደቂቃ አላውቅም። ሲያልፍ ዝናቡ በቤቱ ውስጥ ሲዘንብ ሰማሁ።

ትልቋ የት ነበረች? ይህን ነው ለአንድ ሰው ተናግሬ የማላውቀው። አሥር ዓመቷ ነበር። ገንዳው ውስጥ አልነበረችም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ሊከፈት እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ተነስታ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ በጉልበቷ ተደግፋ ቆማ ነበር። ያለ ማንም ትእዛዝ። በነጋታው መዳፏን ስትዘረጋልኝ የእጀታው ቅርጽ ክብ ሆኖ ሰማያዊ ሠርቶበት አየሁ።

ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ ተጉዞ ደረሰ። መንገዱ ተዘግቶ፣ ምሰሶ ወድቆ፣ ጋዝ ይሸት ነበር። የመኝታ ቤቱና የወጥ ቤቱ ጣሪያ የለም። በስልኩ መብራት ሲያይ ምንጣፉ ላይ ቀይ ነገር ከዝናቡ ጋር ይወርዳል፤ «ልጆቼን!» ብሎ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ደም አልነበረም። አንቺ በሰው የላክሽልኝ በርበሬ ነበር። ከረጢቱ ተቀዶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ከዚያ ላይ ታጥቦ ይወርድ ነበር። ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነጥሱ አደሩ።

ለእኛ የኪዳነ ምሕረት ማታ ሲሆን ለአንቺ የእስጢፋኖስ ንጋት ነበር። ከሐይቁ ዳር ቆመሽ ወደ ገዳሙ ፊትሽን አዙረሽ ስትጸልዪ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ሴት አይገባበትምና ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የምትሳለሚው። እሑድ ማታ ደወልሽ። እኔ ደግሞ በሰው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ «ደህና ነን» አልኩሽ። «በርበሬው ደረሰሽ?» አልሽኝ። «ደረሰኝ፣ በጣም ይጣፍጣል» አልኩሽ። ስልኩን ስዘጋ ትልቋ ታየኝ ነበር።

ለምን እንደዋሸሁሽ ታውቂያለሽ። አንቺም በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ስልኩ ተቋርጦ እኔ እዚህ ሳልተኛ ሰንብቼ፣ መስመሩ እንደተከፈተ የመጀመሪያ ቃልሽ «ደህና ነን» ነበር። ላሟ እንደተወሰደች፣ አያ እንደተደበደበ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ከዓመታት በኋላ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ ትልቋን ከትምህርት ቤት ሳመጣት ሰማዩ ጠቆረና ዝም አለች። ከዚያ «እማ፣ ገንዳው ውስጥ ለኔ ቦታ አልነበረም?» አለችኝ። መኪናውን ዳር አስያዝኩ። እውነቱን ነገርኳት። ቦታ ነበር። ፍራሹን ትንሽ ብገፋ ትገባ ነበር። ግን እጄ የደረሰው እነሱ ላይ ነው፤ እሷን ትልቅ ናት ብዬ ተውኳት። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝናቡ እስኪያልፍ ጠበቅን።

ትልቅ ናት። እምዬ፣ ይህን ቃል ከየት እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ። በ77 አባባ ከአሳብ ሳይመለስ፣ ከወረባቦ ወርደን ደሴ ላይ አክስቴ እጄን ይዛ ኤንትሬው የጭነት መኪና ላይ ስትሰቅለኝ «አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፣ አታልቅሺ፤ ለጥምቀት እመጣለሁ» አልሽኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አያ እንጨት ይሸከማል፣ ትንሹ ይታዘላል፤ እኔ አልሸከምም፣ አልታዘልም። እነሱን ይዘሽ ወደ ባቲ መጠለያ ሄድሽ። ጥምቀት መጣ፣ ሄደ። አራት ጥምቀት ሄደ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት በር በተንኳኳ ቁጥር እሮጥ ነበር።

አሁን ሲገባኝ፣ እኔን ላክሽኝና ተረፍኩ። ያን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ፣ አመሰግንሻለሁም፤ በልጆቼ ፊት ቆሜ እላለሁ። እኔ ለሁለት ደቂቃ የያዝኩትን አንቺ ዓመት ሙሉ ይዘሽ ዋልሽ። በመላክሽ አላዝንም፣ በእውነት አላዝንም። ያዘንኩት ሌላ ነው። አክስቴ ቤት ስትመጪ በሩ ላይ አቅፌሽ ጀርባሽን ነው ያየሁት። አንቀልባ አልነበረም። «ትንሹስ?» አልኩሽ። «ደህና ነው» አልሽኝ። ከዚያ ሻሽሽን አስተካክለሽ ስለ መንገዱ ማውራት ጀመርሽ። ለብዙ ጊዜ አምኜሽ ነበር። ካደግሁ በኋላ ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት፤ በዚያ ዕድሜዬ ደግሞ ስሙን ለመጥራት ፈቃድ የሌለኝ መሰለኝ። እኔ ብቻ ሳልሆን አያም። አንዲት ጊዜ እንኳ ተዝካሩ ላይ አልተቀመጥንም። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ እሱን እጠላው ነበር እምዬ፣ አንቺ ጋ ስለቀረ። የሞተ ልጅ እጠላ ነበር። ብትነግሪኝ ኖሮ ከዚያ ታድኚኝ ነበር።

አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጋ ቆም በይና እጇን ያዣት።

ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፣ ወይም ትንሽ ልወቅስሽም ብዬ ይሆናል። ግን በሕመምሽ ውስጥ ስሙን ከጠራሽ በጤናሽም ልትጠሪው ትችያለሽ ማለት ነው። የት እንደተቀበረ ልወቅ። ባቲ ነው ወይስ መንገድ ላይ? ታዝሎ ነበር ወይ? ያን ቀን እጅሽ የደረሰው ማን ላይ ነው?

ኪኒኑን በየቀኑ መዋጥሽን አትርሺ። ለዓይንሽ ለአያ ገንዘብ ልኬለታለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳያውለው ተቆጪው። በርበሬ አትላኪልኝ፣ ጉልበትሽን ነው የምትጨርሺበት።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። እዚህ ሌሊት ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ። ስልኩን ስታነሺ «ደህና ነን» አትበይኝ። ከሱ ጀምሪልኝ።

ልጅሽ