ጳጉሜን 3 ዝናብ መዝነቡ ድንገተኛ ነገር አይደለም

ቀን፦ መስከረም 9

ለአዲስ ዓመት ባዛርና የሜዳ ላይ ሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ ድርጅት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የድንኳን ኪራይና የመብራት ክፍያ እንዲመለስ፣ የተበላሸው ዕቃ እንዲካስ ስለመጠየቅ

ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜን 5 በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ባዘጋጃችሁት ባዛር ድንኳን ተከራይተን የሸጥን ነጋዴዎችና በመድረኩ ላይ በድምፅና በመብራት ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ በጋራ ጽፈናል። ቅሬታችንን በቃል ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «ዝናቡ ከአቅም በላይ ስለሆነ ድርጅቱ አይጠየቅም» የሚል ነው። መልሱን አንቀበለውም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ግዴታ ያለበት ወገን አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው ነገር ሲደርስና ግዴታውን ፈጽሞ እንዳይወጣ ሲያግደው ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ዋናው የሙዚቃ ምሽት የተያዘው ጳጉሜን 3 ነበር። የሩፋኤል ዕለት! ጎጃም ውስጥ ልጅ አዋቂው ጠበል ነው ብሎ ደጅ ወጥቶ የሚጠብቀውን ዝናብ «ያልታሰበ» ማለት እንዴት ይቻላል? የራሳችሁ ማስታወቂያ እንኳ ከታች በኩል «ጃንጥላ መያዝ አይርሱ» ይላል። ለተመልካቹ ጃንጥላ ያሳሰበ ድርጅት ለሜዳው ቦይ ማሰብ አይከብደውም ነበር።

የእኛ ግምት፣ የሥራ ዕቅዱ ከበጋ ዝግጅት እንዳለ የተገለበጠ ነው። የጥምቀት ሰሞን ወይም ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በሚሰባሰቡበት ጊዜ ሜዳ ማለት ደረቅ መሬት ነው፤ ድንኳን ተክሎ፣ ገመድ ዘርግቶ መግባት ይቻላል። በክረምት መውጫ ግን ያው ሜዳ ሌላ ሜዳ ነው።

መሬቱን እናስቀድም። ቦታው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ የመጣለትን ውሃ ሁሉ ይጠጣል፤ በክረምት ግን ጠግቦና አብጦ ስለሚቆይ ከላይ የወረደበትን ወደ ታች አያሳልፍም። ውሃው መሄጃው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ ለዚያም ቦይ ይፈልጋል። በድንኳኖቹ ረድፎች መካከል አንድም ቦይ አልተቀደደም። ለእንዲህ ያለ ሜዳ በየረድፉ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በ100 ሜትር ርዝመት ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ የሚል ቦይ ይቆፈራል። ሰው የሚመላለስበት መንገድ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ለብሶ ይጠቀጠቃል። የድንኳኑ ወለል በጣውላ ርብራብ ከመሬት ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ነሐሴ ሳይጋመስ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው። የተደረገው ግን ሰጋቱራ መበተን ነበር። ሰጋቱራ የመጀመሪያውን ካፊያ ይመጥጣል፤ ሁለተኛው ሲደገም ከጭቃው ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ከጳጉሜን 1 ጀምሮ ገዢ ወደ ኋለኞቹ ረድፎች መዝለቅ ያቆመው በዚህ ነው። ለኋለኛው ረድፍ የተከፈለው ኪራይ ግን ከፊተኛው እኩል ነው።

የድንኳኖቹ ጣሪያ ሜዳማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3 በ3 በሆነ ሸራ ላይ ሲወርድ 90 ሊትር፣ ማለትም 90 ኪሎ ነው። ሸራው በደንብ ተወጥሮ ወደ አንድ ወገን ካልተዳፋ መሃሉ ይረግብና ውሃውን ይቋጥራል። ባለድንኳኑ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ሲገፋው ውሃው በጎረቤቱ ዕቃ ላይ ይገለበጣል። ሰሞኑን በባለድንኳኖች መካከል የተነሳው ጭቅጭቅ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ ተቆጣጣሪዎቻችሁም ለማስታረቅ ሲሯሯጡ ነበር እንጂ ሸራውን የወጠረ አልነበረም። የድንኳን እግር ማሰሪያ ተብሎ የተሰጠው በየማዕዘኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ አራቱም ቢሞሉ 80 ኪሎ። ዝናቡን ቀድሞ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ከደረሰ በ9 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ እስከ 100 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያሳርፋል። በራሰ ዋልካ ውስጥ የተቸከለ አጭር ካስማ ደግሞ በእጅ ይነቀላል። ከ60 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ አጋድሞ የተመታ ካስማ ወይም በየእግሩ ሁለት ከረጢት አሸዋ ያስፈልግ ነበር።

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በርበሬ ያመጡ ነጋዴዎች ጉዳት ወዲያው አልታየም። ዛላው ከላይ ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ሲሰበር ግን ፍሬው ዙሪያ ግራጫ ሻጋታ ይገኛል። ያንን ማድረቅ አያድነውም፤ የሻገተ በርበሬ ቢፈጭም ለሰው የሚሸጥ አይደለም። ለቅምሻ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ማርም ከአየሩ ርጥበት ይስባል፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ ሲያልፍ መብላላት ይጀምራል። የሸማኔዎቹ ቀሚሶች ጥለታቸው ቀለም ለቆ ነጩን ክፍል አዥጎርጉሮታል። ዝርዝሩ ከነፎቶው ተያይዟል።

ከሁሉ የከፋው መብራት ነው። ከዋናው ሰሌዳ እስከ ምግብ ቤቶቹ ረድፍ 80 ሜትር የሚሆን ርቀት የተሳበው ገመድ 2.5 ካሬ (የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) ነው። በ2.5 ካሬ ላይ በደኅና የሚሄደው 20 አምፔር ገደማ ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 4.4 ኪሎ ዋት። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 16 አምፔር ይወስዳል። በዚያ መስመር ላይ ግን ምጣድ፣ የማኪያቶ ማሽን፣ ፍሪጅና የዓሣ መጥበሻ በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየተሰካ ተቀጥለዋል። ምጣዱ ብቻውን ቢሠራ እንኳ 80 ሜትር ሄዶ 80 ሜትር በሚመለስ ቀጭን ሽቦ ላይ ወደ 19 ቮልት ይባክናል፤ 220 ሆኖ የተነሳው 200 ሆኖ ይደርሳል። ሌላው ሲጨመርበት የባሰ ይወርዳል። እንጀራ ጋጋሪዎች ይህን ለማወቅ መለኪያ አላስፈለጋቸውም። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲልና ከምጣዱ ተለጥፎ አልነሳ ሲል ኃይሉ መውረዱ ታውቋል፤ ስንት ሊጥ እንደተደፋም እነሱ ያውቁታል።

ይህ ኪሳራ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ብሬከሩ እየደጋገመ ሲወድቅ የእናንተ ኤሌክትሪሻን ባለ 20 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 40 አስገባ። ብሬከር የሚቀመጠው ገመዱን ለመጠበቅ ነው። ገመዱ ሳይወፍር ብሬከሩ ከተለቀ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ገመዱ ራሱ ነው፤ ያውም በሸራና በጋዝ ሲሊንደር መካከል። ቅጥሎቹ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው ኩሬ ውስጥ ተኝተው ነበር። 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ አንድ እንኳ አልተገጠመም፤ ኧርዝም (ያፈተለከውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስድ መስመር) የለም። የሚገርመው፣ እርጥብ ዋልካ ለኧርዝ እጅግ የተመቸ መሬት መሆኑ ነው። 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ መቸከል ብቻ ይበቃ ነበር። ክረምቱ ያመጣላችሁን ይህን አንድ ጥቅም እንኳ አልተጠቀማችሁበትም።

ትክክለኛው አሠራር ከጄኔሬተሩ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ቢያንስ 10 ካሬ ገመድ ስቦ በየረድፉ ክዳን ያለው ትንሽ ሰሌዳ መትከል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ድንኳን የየራሱ ብሬከር መስጠት ነው። ገመዱ ከሰው ቁመት በላይ በእንጨት ላይ ያልፋል፤ መሬት አይነካም። ጄኔሬተሩም ሁለት መሆን ነበረበት፤ አንዱ ለመድረክ፣ ሌላው ለድንኳን። 60 ኬቪኤ አቅም አለው የተባለው ጄኔሬተር በወረቀት 48 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከ10 በመቶ የማያንስ ያጣል። መድረኩ፣ መብራቱና ምጣዶቹ ባንድ ላይ ሲነሱ ጳጉሜን 3 ማታ 2 ሰዓት ላይ ሜዳው የጨለመው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናቡ ያኔ ገና ካፊያ ነበር።

የመድረኩን ነገር ባጭሩ። ከመድረኩ 50 ሜትር ርቀት ላይ ተጨማሪ ስፒከሮች ማቆማችሁ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ከኋላ ለቆመው ሰው ድምፅ እንዲደርስ። ነገር ግን ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የዋናው ስፒከር ድምፅ እዚያ የሚደርሰው ከ0.147 ሴኮንድ በኋላ ነው። የኋለኛው ስፒከር በዚያው ልክ እንዲዘገይ ካልተደረገ ሰሚው ያንኑ ቃል ሁለቴ ይሰማል፤ ግጥሙ ይደባለቃል። ማስተካከያው ማሽኑ ላይ አንድ ቁጥር ማስገባት ነው፤ ስንጠይቅ «ሕዝቡ እየጨፈረ ነው፣ አትንኩት» ተባልን። አዝማሪ ግጥሙ ካልተሰማ ምን ቀረው? ደግሞም ለባህል ተጫዋቾቹ ደረቅ መቆያ አልተዘጋጀም። የማሲንቆ ቆዳ ርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፤ ድምፁ ይሞታል፤ የከበሮውም እንደዚያው። ከመድረክ ጀርባ አንድ የተዘጋ ድንኳንና ቆዳውን ማሞቂያ የከሰል ምድጃ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ምድጃው ባለበትም ሸራው በአንድ ወገን ከፍቶ ይተዋል፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቦታ ይገድላልና።

በር አንድ ነው፤ መግቢያም መውጫም እሱው። ስፋቱ 3 ሜትር ሆኖ ግማሹን የፍተሻ ጠረጴዛ ይዞታል። በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 80 ሰው ገደማ ያልፋል፤ ያውም መሬቱ ደረቅና ደልዳላ ከሆነ። እናንተ በላካችሁልን ወረቀት ሜዳው 6000 ሰው ይይዛል ተብሏል። ይህን ሕዝብ በ1.5 ሜትር ክፍተት ለማስወጣት 50 ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባንዴ ወደዚያች በር ሄደ። ሰው ሳይረገጥ መቅረቱ የእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ የዝግጅቱ ጥራት አይደለም። መጸዳጃውን በተመለከተ ወረፋው ራሱ ስለመሰከረ አንጨምርበትም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ከ10 ቀን ኪራይ ውስጥ ሜዳው በአግባቡ ያልሠራበት የጳጉሜን 3 እና 4 ኪራይ ለሁሉም ባለድንኳን ይመለስ። ከጳጉሜን 1 ጀምሮ ገዢ ላልደረሰበት የኋላ ረድፍ የቀሪዎቹ ቀናት ኪራይ ግማሹ ይመለስ። ለምግብ ረድፉ ለብቻ የተከፈለው የመብራት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፤ የተሸጠልን ያልደረሰን ኃይል ነውና። ለተበላሸው በርበሬ፣ ማርና ልብስ ከሁለታችንም ወገን በእኩል ቁጥር ሰዎች ተመድበው፣ የግዢ ደረሰኙንና የተረፈውን ዕቃ አይተው ይተምኑ። የሻገተውን በርበሬ ለዚሁ ብለን አልጣልነውም፤ ነገር ግን ሲቆይ ሌላውንም ስለሚበክል ትመናው በቶሎ ቢሆን ለሁላችንም ይሻላል።

ሌላም አለ። ለመጪው ዓመት ዝግጅቱን ለቡሄ እንዲደርስ ነሐሴ መግቢያ ላይ ልትጀምሩ እንዳሰባችሁ ሰምተናል። ዝናቡ ያኔ ከጳጉሜን የበረታ ነው። በዚያ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ የክትፎና የጥብስ ድንኳን ኪራይ ከፍሎ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ቡሄም ነሐሴ 13 በጾሙ ውስጥ ነው የሚውለው። ችቦ የሚለኮስ ከሆነ ደግሞ ከሸራና ከሲሊንደር ርቆ ለብቻው የተከለለ ቦታ ይፈልጋል። የቦዩ፣ የገረጋንቲው፣ የሁለቱ ጄኔሬተርና የተጨማሪ መውጫው ጉዳይ በውሉ ላይ ተጽፎ ካላየን ማናችንም ቅድሚያ ክፍያ አንከፍልም።

ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ተደርጎ እንዲያዝ እናሳስባለን። በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን፤ ገንዘቡ በየውሉ ላይ በተመዘገበው የባንክ ሒሳብ ቢገባ በቂ ነው፣ ለዚህ ሲባል ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም።

ከሰላምታ ጋር
የባዛሩ ባለድንኳኖችና የመድረክ ባለሙያዎች

አባሪ፦ የተሳታፊዎች ስምና ፊርማ፣ የኪራይ ደረሰኞች ቅጂ፣ የተበላሸ ዕቃ ዝርዝርና ፎቶ፣ የሰሌዳውና የገመዱ ፎቶ